የጎቲንገን ሰዓት ቶሮንቶ ላይ፦ የ1840ዎቹን የማግኔት ሰንጠረዦች እንዴት ነው የምናነባቸው?

ሰሜን_አመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከእንግሊዞቹ የቅኝ ግዛት ጣቢያዎች የወጡትን የመሬት ማግኔት ሰንጠረዦች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፤ በተለይ የቶሮንቶንና የሆባርትን (ታዝማኒያ)። ጎን ለጎን የዘመኑ የማግኔት ጥናት መሪዎች ሳቢን፣ ሎይድ፣ ኸርሼል፣ ጋውስና ሁምቦልት የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች አያለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አራት ቦታ ላይ ተይዣለሁ።

1. ሰዓቱ ሁሉ «በጎቲንገን አማካይ ሰዓት» (ጋውስ ይሠራባት በነበረችው የጀርመን ከተማ ሰዓት) ነው የተጻፈው። ያለ ቴሌግራፍ ሆባርት ላይ ሆኖ ጎቲንገን ስንት ሰዓት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እኔስ ወደ ዛሬው ሰዓት በምን ልቀይረው?

2. ጋውስ ስለ ኃይሉ ሲጽፍ 1.78 ይላል፤ የቶሮንቶ ሰንጠረዥ 3.5 ገደማ ይላል፤ ሁምቦልትን የሚከተሉት ደግሞ ለንደንን 1.372 ይሏታል። እነዚህ ቁጥሮች ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት?

3. ባይፋይላሩ (በሁለት ክር የሚንጠለጠለው) ከወር ወር እየወረደ ይሄዳል። የሚወርደው የመሬት ኃይል ነው ወይስ መሣሪያው?

4. የቁመት ኃይሉ ዓምድ ደግሞ ድንገት ይዘላል። አንዱን ቁራጭ ከሌላው ጋር ልቀጥለው ወይስ ልተወው?

የሐር_ክር፦

ከሰዓቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

የሚያስፈልጋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ የጣቢያው ኬንትሮስና የጣቢያው የራሱ ትክክለኛ ሰዓት። ሰዓቱን ከሰማይ ይወስዱታል። በሰሜን–ደቡብ መስመር ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ ውስጥ የታወቀ ኮከብ መሃለኛውን ክር ሲያቋርጥ ክሮኖሜትሩ (የጣቢያው ሰዓት መቁጠሪያ) ስንት እንደሚል ይጻፋል፤ ከዚያ የክሮኖሜትሩ ስህተት ይወጣል። ቀሪው የሒሳብ ጉዳይ ነው፦ 15 ዲግሪ ኬንትሮስ 1 ሰዓት፣ 1 ዲግሪ 4 ደቂቃ፣ የዲግሪ 1 ደቂቃ ደግሞ 4 ሰከንድ። ስለዚህ ኬንትሮሱ በሁለትና በሦስት የዲግሪ ደቂቃ ቢሳሳት የሚበላሸው 10 ሰከንድ ያህል ነው፤ በየ5 ደቂቃው ለሚነበብ መርፌ ይህ ብዙም አይጎዳም።

ጎቲንገን ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ 39 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ትቀድማለች። ቶሮንቶ 79°23′ ምዕራብ ናት፤ ማለትም ከግሪኒች 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ወደኋላ። ሁለቱን ደምር፦ 5፡57፡18። ጎቲንገን ላይ ከምሽቱ 22፡00 ሲሆን (የአውሮፓውን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቶሮንቶ 16፡02፡42 ነው። ሆባርት በ9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ስለምትቀድም እዚያ በማግስቱ ጠዋት 7፡10 ገደማ ይሆናል።

የቶሮንቶ ጉድ እዚህ ጋ ነው። ልዩነቱ ለ6 ሰዓት 3 ደቂቃ ነው የሚጎድለው። ስለዚህ አንድ ዓምድ በቶሮንቶ ሰዓት ይሁን በጎቲንገን ሰዓት ሳይታወቅ ቢቀላቀል፣ ሙሉ ሰዓቶቹ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ዓይን አይይዘውም። ሁልጊዜ የዓምዱን ራስጌ እይ። ደግሞ ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ለመቀየር የጣቢያው ኬንትሮስ ጭራሽ አያስፈልግህም፤ ከጎቲንገን ሰዓት ላይ 39፡46 ቀንስ፣ አለቀ። በየጣቢያው ሰዓት በኩል መዞር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ወጥመድ የቀኑ መጀመሪያ ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ያኔ ቀኑን የሚጀምሩት ከእኩለ ቀን ነበር። ዜሮ ሰዓት ማለት ቀትር ማለት ነው። «ጠዋት 6 ሲሉ እኛ 12 እንላለን» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ የእነሱ 12 ሰዓት መሆኑና ቀኑንም ይዞ መሄዱ ብቻ ነው።

አነባበቡን ደግሞ ካላወቅህ ከአንዱ ቁጥር ጀርባ ስንት ቁጥር እንዳለ አይገባህም። የጋውስ ማግኔት 4 ፓውንድ ያህል የሚመዝን ዘንግ ሆኖ በሐር ክሮች ጥቅል ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መስታወት አለ። ከ5 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ቴሌስኮፕ ይቆማል፤ ከሥሩ በአግድም ሚሊሜትር የተሰመረበት ስኬል አለ፤ ተመልካቹ በቴሌስኮፑ የስኬሉን ምስል መስታወቱ ውስጥ ያያል። ቁጥሮቹ ተገልብጠውና እንደ መስታወት ጽሑፍ ዞረው ነው የሚጻፉት፤ በቴሌስኮፑ ሲታዩ ይቃናሉ። መስታወቱ ማዕዘኑን እጥፍ ስለሚያደርገው በ5 ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት 20.6 የማዕዘን ሰከንድ ነው። የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በዓይን ስለሚገመት 2 ሰከንድ ያህል ይለያል።

ታዲያ ዘንጉ መቼም ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይወዛወዛል። አንድ ውዝዋዜ (ከጫፍ እስከ ጫፍ) 20 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ለ10፡00፡00 የሚሆነውን ቦታ ለማግኘት ከዚያ 50፣ 30 እና 10 ሰከንድ ቀደም ብሎ፣ ከዚያም 10፣ 30 እና 50 ሰከንድ ዘግይቶ ይነበባል። ስድስቱ ንባቦች ጎን ለጎን ተጣምረው አምስት አማካይ ይሰጣሉ፤ አምስቱ ተቀራርበው ከተገኙ የእነሱ አማካይ ይመዘገባል። ካልተቀራረቡ ወይ ንፋስ ገብቷል፣ ወይ የሸረሪት ድር ይዞታል፣ ወይ ደግሞ እውነተኛ የማግኔት ማዕበል (የመሬት ማግኔት ድንገተኛ መናወጥ) ተጀምሯል። ሰንጠረዥህ ላይ የምታየው አንድ ቁጥር እንግዲህ የስድስት ንባብ ጭማቂ ነው።

ይህንን በየ5 ደቂቃው ለ24 ሰዓት ያደርጉታል፦ ሁለቱን ጫፍ ጨምሮ 289 ጊዜ። ጋውስ በደብዳቤም በኅትመትም የተሟገተለት ነገር ይህ መቀራረብ ነበር። ከሱ በፊት ሁምቦልት ያስለመደው ቀጠሮ (ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያነቡበት ቀን) 44 ሰዓት የሚዘልቅ ሆኖ ክፍተቱ ግን ሰፊ ነበር። ደቂቃዎች ብቻ የሚቆዩት ትንንሽ ጥርሶች በሰፊ ክፍተት መካከል ሾልከው ያመልጣሉ። እነሱ ሲያዙ ነው የጎቲንገን፣ የሚላኖና የኡፕሳላ መስመሮች ጥርስ በጥርስ መግጠማቸው የታየው።

ሚዛን_ጠባቂ፦

2ኛውን እኔ ልውሰድ። ሦስቱ ቁጥሮች ሦስት መለኪያ ናቸው፤ ከዚያም በላይ አንዱ የሚለካው ነገር ራሱ የተለየ ነው።

የጋውስ 1.78 የአግድም ኃይል (የመሬት ኃይል ከመሬት ወለል ጋር ትይዩ የሆነው ክፍል) ነው፤ መለኪያው ሚሊሜትር፣ ሚሊግራምና ሰከንድ። ወደ ናኖቴስላ ለመቀየር በ10,000 አባዛ፦ 17,800። የእንግሊዞቹ 3.5ም የአግድም ኃይል ነው፤ መለኪያው ጫማ፣ ግሬይንና ሰከንድ፤ በ4,610.8 ይባዛል። 3.53 ከሆነ 16,276 ናኖቴስላ ይመጣል። የሁምቦልቱ 1.372 ግን ጠቅላላ ኃይል ነው፤ ፔሩ ውስጥ በማግኔት ወገብ ላይ ለካሁት ያለውን 1 ብሎ የተነሳ አንጻራዊ ቁጥር። በ34,941 ስታባዛው ለለንደን 47,939 ይሰጥሃል። አግድሙን ከጠቅላላው ጋር እንዳታወዳድር፤ በመካከላቸው የኢንክሊኔሽኑ (መርፌው ወደ ታች የሚሰምጥበት ማዕዘን) ኮሳይን አለ።

ሁምቦልት አንጻራዊ መለኪያ የተጠቀመው ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። አንዱን መርፌ ተሸክሞ ከአገር አገር ይሄዳል፣ በተወሰነ ጊዜ ስንቴ እንደተወዛወዘ ይቆጥራል። መርፌው በመንገድ ላይ ቢደክም ግን አገሩ የደከመ ይመስለዋል። ጋውስ በታኅሣሥ 1832 ለጎቲንገን የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የፈታው ይህንን ነው። ሁለት ሙከራ ይሠራል፦

ሀ. ማግኔቱን ማወዛወዝ። ከጊዜው የማግኔቱ ጉልበት ሲባዛ የመሬት ኃይል ይገኛል። ለዚህ የዘንጉ የመሽከርከር ግትርነት (ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ) መታወቅ አለበት፤ እሱን ለማግኘት የታወቀ ክብደት በታወቀ ርቀት ግራና ቀኝ ሰቅሎ እንደገና ማወዛወዝ ነው።

ለ. ያንኑ ማግኔት ወስዶ ሌላ የተንጠለጠለ ማግኔት አጠገብ ማስቀመጥና ስንት ዲግሪ እንደገፋው ማየት። ከዚህ የማግኔቱ ጉልበት ሲካፈል ለመሬት ኃይል ይገኛል።

ብዜቱና ድርሻው ከታወቁ ሁለቱም ለየብቻ ይወጣሉ፤ የማግኔቱ መድከም ከስሌቱ ይሰረዛል። ግፊያውን በሁለት ርቀት መሥራት ግድ ነው (በኋላ የእንግሊዞቹ የኪው መሣሪያ 1.0 እና 1.3 ጫማ ይጠቀማል)፤ ማግኔቱ ርዝመት ያለው ዘንግ እንጂ ነጥብ ስላልሆነ፣ በአንድ ርቀት ብቻ ከተሠራ እርማቱ አይታወቅም።

የሚበላሸው የት ነው? ሀ ጠዋት ተሠርቶ ለ ከሰዓት ሲሠራ። በመካከሉ ክፍሉ ይሞቃል፣ ማግኔቱ ይደክማል፣ የመሬቱ ኃይልም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፍጹም ልኬቱ (ሀ እና ለ አብረው) ሲካሄድ ባይፋይላሩም አብሮ መነበብ አለበት። ያ አብሮ ያልተጻፈበትን ፍጹም ልኬት እኔ በግማሽ እምነት ነው የምይዘው።

ዋልታ፦

3ኛና 4ኛው ላይ።

ባይፋይላሩ ማግኔቱን በሁለት ክር አንጠልጥሎ፣ ክሮቹን ጠምዝዞ፣ ዘንጉን ወደ ምሥራቅ–ምዕራብ አስገድዶ የሚይዝ ነው። የክሮቹ መመለሻ ከመሬት ጉተታ ጋር ይተናነቃል። መሬት ሲጎትት ዘንጉ ይዞራል። ግን ልብ በል፦ ጉተታው የመሬት ኃይል ሲባዛ የማግኔቱ ጉልበት ነው። ማግኔቱ ሲደክም መሬት የደከመች ይመስላል። አዲስ የተሠራ ማግኔት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ነው አብዝቶ የሚደክመው። የአንተ ቁልቁለት መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ወርዶ በኋላ እየተኛ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ የብረቱ ጠባይ ነው፤ ለመሬት አትስጠው። ማረጋገጫው በየወሩ የተሠራው ፍጹም ልኬት ነው፤ እሱ ካልወረደ መሣሪያው ነው የወረደው።

ሙቀቱንም አትርሳ። ማግኔት ሲሞቅ ይላላል፤ የእንግሊዞቹ ሰንጠረዥ ሙቀቱን በፋራናይት ነው የሚጽፈው። የሙቀት እርማቱን ቁጥር ማግኔቱን በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ እየከበቡ ነበር የሚያወጡት፤ በጣቢያው ውስጥ በተራ ቀናት ከሚታየው ጋር ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። የበጋና የክረምት ልዩነት ካየህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህን ቁጥር ይሁን።

የቁመቱ ኃይል መሣሪያ የሎይድ ሚዛን ነው፦ ማግኔቱ በአግድም ሆኖ፣ በብረት ስለት በአጌት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ስለቱ ላይ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ በቃ ቦታውን ይቀይራል። እንደ እኔ ከሦስቱ መሣሪያዎች (የመርፌውን አቅጣጫ የሚለካው ዴክሊኖሜትር፣ ባይፋይላሩና ይህ ሚዛን) ደካማው እሱ ነው። የተዘለለው ቁጥር ጎን «ተስተካክሏል» ወይም «ተጠርጓል» የሚል ማስታወሻ ፈልግ። ካገኘህ እዚያ ጋ ቁረጠውና ሁለት ተከታታይ አድርገህ ያዘው፤ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ የጋራ ንባብ ከሌለ መስፋት የለም።

ሦስቱ ማግኔቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ሎይድ በ1839 ግድም ይህንን አስልቶ የት የት ቢቀመጡ ግፊያው እንደሚጣፋ ጽፏል፤ የክፍሎቹ ፕላን በዚያ ነው የወጣው። ስለዚህ «ዴክሊኖሜትሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት» የሚል ደብዳቤ ካጋጠመህ የሦስቱም ዓምድ ተነክቷል ማለት ነው።

ቤቱ ብረት አልባ መሆን አለበት፤ ሚስማሩ መዳብ፣ ማጠፊያው ነሐስ። የቶሮንቶው ከግንድ እንጨት የተሠራ ነበር። ሴይንት ሄሌና ላይ ግን ደሴቱ ራሱ እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ስለሆነ ቤቱን ማጽዳት ዋጋ የለውም። እዚያ የተለካውን ፍጹም ቁጥር የደሴቱ አለት ያዛባዋል፤ ከሰዓት ሰዓት የሚታየውን ለውጥ ግን አለቱ አይነካውም፤ ለውጡን ተጠቀምበት።

አሁን ደብዳቤዎቹ ለምን እንደሚጠቅሙ። ከሆባርት የወጣ ደብዳቤ በመርከብ እንግሊዝ ለመድረስ 4 ወር ገደማ ይፈጃል። ዉሊች ያለው የሳቢን ቢሮ ስህተት አግኝቶ «ይህን አስተካክል» ቢል መልሱ ሆባርት የሚደርሰው ከ8 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ዉሊች ላይ ቅሬታ የተጻፈበትን ቀን ይዘህ በሁለቱም አቅጣጫ አራት አራት ወር ቁጠር፤ ስህተቱ በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ተንሰራፍቶ ታገኘዋለህ። መኮንኖቹ ከመሄዳቸው በፊት ደብሊን ሎይድ ዘንድ ሠልጥነዋል፤ መሣሪያቸውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ጣቢያ የተማረረበትን ነገር ሌሎቹም ላይ ፈልገው።

ሰሜን_አመልካች፦

ጋሽ ዋልታ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሌሎቻችሁም እንዲሁ። ባይፋይላሩ ልክ እንዳሉት ነው፤ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከዚያ ይተኛል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የ25 ሴፕቴምበር 1841ን ማዕበል ሆባርት ላይ ስፈልግ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ገጽ ጠፍቶ ይሆን? ደግሞ ለዚያው ማዕበል የሩሲያን ጣቢያዎች ስፈልግ በዚያ ቀን ምንም የለም።

የሐር_ክር፦

ገጽ አልጠፋም። እሑድ ገብቶ ነው! 25 ሴፕቴምበር 1841 ቅዳሜ ነበር፤ ሆባርት ደግሞ ከአውሮፓ ቀድማ ነው እሑድ የምትገባው። የእንግሊዞቹ ጣቢያዎች ሰንበትን ስለሚያከብሩ ከቅዳሜ እኩለ ሌሊት በኋላ ስኬል አያነቡም። ሁምቦልት በኮስሞስ መጽሐፉ ይህንኑ ጠቅሶ አምርሮ ተችቷል። ጋውስ ቀጠሮውን ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ቀትር ነበር ያደረገው፤ እንግሊዞቹ ሲገቡበት ቀኑ መነጋገሪያ የሆነው ለዚህ ነው። በሰንጠረዡ ላይ በየሳምንቱ የምታየውን ክፍተት እንግዲህ «መረጃ ጎደለ» ብለህ አትሙላው፤ «አልታየም» በለው።

ሩሲያ ደግሞ በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12 ቀን ወደኋላ። ኩፕፈር የሚመራቸው የሩሲያ ጣቢያዎች (ፒተርስበርግ፣ ካዛን፣ ባርናውል፣ ኔርቺንስክ፣ ሲትካ…) በአሮጌው ቀን ከተጻፉ 13 ሴፕቴምበር ላይ ፈልግ።

በእኛ መስከረም 16 ቀን 1834 ነው፤ የደመራ ዕለት። በስልክህ ያለው የቀን መቀየሪያ 15 ካለህ አትመነው፤ በዚያ ክፍለ ዘመን መስከረም 1 በአብዛኛው የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ላይ ነበር እንጂ እንደ ዛሬው 11 አይደለም።

እንጦጦ_ማዶ፦

በእኛ በኩል ያለውን ጥቂት ልጨምር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት በ1837 የሥነ ፈለክ ሊቁ አራጎ ልኮት ብራዚል ኦሊንዳ ላይ የመርፌውን የዕለት እንቅስቃሴ ተመልክቷል፤ የብራዚሉንና የኢትዮጵያውን ምልከታ በ1873 በአንድነት አሳትሟል። ከጋውስ የጎቲንገን የማግኔት ማኅበርም ከሳቢን የጣቢያዎች መረብም ውስጥ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ የሱን ንባብ ከእነዚህ ጋር በጎቲንገን ሰዓት አታሰልፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ቋሚ የማግኔት ጣቢያ የቆመው በ1958 ነው፤ ከማግኔት ወገብ አጠገብ በመሆኑ የቀኑ የአግድም ኃይል ለውጥ ከቶሮንቶው እጅግ ይበልጣል። የ1840ዎቹን ለማወዳደር ከፈለግህ ከቶሮንቶ ይልቅ ሕንድ ውስጥ ትሪቫንድረምን ውሰድ፤ እሱም ወገቡ አጠገብ ነው።

ሰሜን_አመልካች፦

አንድ መስመር ሞክሬ አየሁ። «ሴፕቴምበር 24፣ 20 ሰዓት፣ ጎቲንገን»፤ ራስጌው ላይ ቀኑ ከቀትር እንደሚጀምር ተጽፏል። 39፡46 ቀንሼ ሴፕቴምበር 24፣ 19፡20፡14 ዓለም አቀፍ ሰዓት አገኘሁ። ልክ ነው?

ሚዛን_ጠባቂ፦

አይደለም፤ ቀትሩን ዘለልከው። ከ24ኛው ቀን ቀትር 20 ሰዓት ስትቆጥር 25ኛው ቀን ጠዋት 8፡00 ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ 39፡46 ቀንስ፦ ሴፕቴምበር 25፣ 07፡20፡14። በዛሬው የአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 4፡20 ማለት ነው። ግማሽ ቀን ተሳስተህ ቢሆን ማዕበሉን በሌላ ሰዓት ትፈልገው ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ 12 ሰዓቱን መጀመሪያ ደምር፣ ቀኑን አስተካክል፣ 39፡46ቱን በመጨረሻ ቀንስ፤ ከዚያም ራስጌው በተራ ቀን አቆጣጠር ለተጻፈ ገጽ 12ቱን መደመሩን አጥፋው።